ሁለት ጊዜ ያበቃው የውድድር ዘመን፦ የጀርመን የበረዶ ሆኪ ሊግ በ2023/24

የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ አንዳንድ ባልደረቦቼ «የማኅበራት ሕግ የሚያስተምር ሰው ከበረዶ ሆኪ ጋር ምን አገናኘው?» እያሉ ሲሥቁብኝ ሰንብተዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን የምጀምረው ከአንድ ምሽት ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

በ2024 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ለምርምር ሥራ በደቡብ ጀርመን፣ በአውግስቡርግ ከተማ ነበርሁ። ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ አዛውንት አንድ ቀን ማታ ቡና እንድንጠጣ ጠሩኝ። ሳሎናቸው ስገባ ኮምፒውተራቸው ተከፍቶ የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ይታያል። ጎረቤቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ የከተማው ክለብ የአውግስቡርገር ፓንተር ደጋፊ መሆናቸውን ዐውቅ ስለ ነበር፣ ጨዋታው የእርሳቸው ክለብ መሰለኝ። አልነበረም። የሚጫወቱት ካሰልና ሬገንስቡርግ ናቸው፤ ውድድሩም የሁለተኛው ሊግ የፍጻሜ ግጥሚያ ነው። የአውግስቡርግ የመጨረሻ ጨዋታ ካለፈ አንድ ወር አልፎታል። እርሳቸው ግን የቡና ስኒያቸውን እንኳ ከጠረጴዛው ሳያነሡ፣ ካሰል ወደ ፊት በገፋ ቁጥር ዐይናቸውን ይጨፍናሉ።

«ሬገንስቡርግንም ይደግፋሉ እንዴ?» አልኋቸው።

«ዘንድሮ እደግፋለሁ» አሉኝ። «ካሰል ዋንጫውን ከወሰደ እኛ እንወርዳለን።»

«ሬገንስቡርግስ ቢወስድ? እርሱም አድጎ የእናንተን ቦታ ይይዝ የለምን?»

«አያድግም። ማመልከቻ አላስገባም።»

ለሕግ መምህር እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር እንቅልፍ የሚነሣ ነው። አንድ ክለብ 52 ጨዋታ ተጫውቶ የመጨረሻውን ቦታ ይዟል። ይወርድ እንደ ሆነ የሚወሰነው ግን እርሱ በሌለበት ሜዳ፣ በሌሎች ሁለት ክለቦች ግጥሚያ ነው። ያም ብቻ አይደለም፤ ውሳኔው የሚንጠለጠለው ከሁለቱ የትኛው አስቀድሞ የወረቀት ሥራውን እንደ ፈጸመ በማየት ነው። ዛሬ ማስረዳት የምሻው ይህ ሁኔታ እንዴት እንደ ተፈጠረ ነው። የ2023/24 የውድድር ዘመን ከላይ በበረዶው ላይ አበቃ፤ ከታች ደግሞ በፋይል ውስጥ አበቃ። ሁለቱን መጨረሻዎች የሚያገናኛቸው ሠላሳ ዓመት የሞላው አንድ ጥያቄ ነው፤ በአንድ ሊግ ውስጥ ያለ ቦታ የሚገኘው በድል ነው ወይስ በፈቃድ?

ስለ ጨዋታው ራሱ ጥቂት ልበል፤ ብዙዎቻችሁ አይታችሁት እንደማታውቁ እገምታለሁ። የገና ጨዋታን የሚያውቅ ሰው ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። በሩር ፈንታ «ፓክ» የሚባል ጠፍጣፋ የጎማ ዲስክ፣ በሣር ሜዳ ፈንታ 60 ሜትር በ30 ሜትር የሚሆን የበረዶ ወለል፣ በባዶ እግር ፈንታ ስለት ያለው ጫማ አስቡ። ከእያንዳንዱ ቡድን አምስት ተጫዋቾችና አንድ በረኛ ሜዳ ላይ ይሆናሉ። ድካሙ ብርቱ ስለ ሆነ ተጫዋቾቹ በየአንድ ደቂቃው ገደማ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በፊት፣ ጨዋታው ሳይቆም ይቀያየራሉ። ጨዋታው ሦስት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው። በመደበኛው ሰዓት ያሸነፈ ሦስት ነጥብ ያገኛል፤ እኩል ከሆኑ ግን በተጨማሪ ሰዓት ወይም በፍጹም ቅጣት ምት ያሸነፈው ሁለት፣ የተሸነፈው አንድ ነጥብ ይካፈላሉ። ከዚህ በላይ ለዛሬው ጉዳያችን አያስፈልገንም።

የጀርመን ከፍተኛ ሊግ በምሕፃረ ቃሉ «ዴኤኤል» ይባላል። በ2023/24 ዓ.ም. 14 ክለቦች ነበሩት። ከመስከረም እስከ መጋቢት እያንዳንዱ ክለብ 52 ጨዋታዎችን ያደርጋል። ከዚያ በኋላ እስከ ስድስተኛ የወጡት በቀጥታ ወደ ሩብ ፍጻሜ ይገባሉ፤ ከሰባተኛ እስከ ዐሥረኛ ያሉት ለቀሩት ሁለት ቦታዎች በአጭር ማጣሪያ ይፋለማሉ። ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። ከዐሥረኛ በታች ያሉት መጋቢት መጀመሪያ ላይ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እንዲህ ሲባል ነገሩ ሁሉ ንጹሕ ስሌት ይመስላል።

ዘመኑ የተከፈተው በመልካም ስሜት ነበር። በግንቦት 2023 የጀርመን ብሔራዊ ቡድን በፊንላንድና በላትቪያ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ለፍጻሜ ደርሶ በካናዳ 5 ለ 2 ተሸንፎ የብር ሜዳሊያ አግኝቶ ተመልሷል። በ2018ቱ የክረምት ኦሎምፒክም እንዲሁ ብር አግኝቶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የሰሜን አሜሪካው ታላቅ ሊግ ተጫዋቾቹን ስላልለቀቀ፣ ሜዳሊያው በአመዛኙ የዚህ የዴኤኤል ተጫዋቾች ሥራ ነበር።

ከላይ የሆነውን ላስቀድም። በ52ቱ ጨዋታዎች መጨረሻ ቀዳሚውን ቦታ የያዘው ሙኒክም፣ ማንሃይምም፣ በርሊንም አልነበረም። የብሬመርሃፈኑ ፊሽታውን ፒንግዊንስ ነበር። ብሬመርሃፈን የቬዘር ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አፍ ላይ ያለች የወደብ ከተማ ናት፤ አዳራሿ አምስት ሺህ ተመልካች እንኳ አይይዝም። ክለቡ ሦስት የስሎቬንያ ተወላጆችን፣ ኡርባስን፣ ዬግሊችንና ቬርሊችን፣ ለዓመታት በአንድ መስመር አሰልፎ ያጫወተ፣ በትዕግሥት የተገነባ ቡድን ነበር። በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ መደበኛውን ዙር በአንደኝነት ፈጸመ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ለፍጻሜ ደረሰ።

በፍጻሜው የገጠመው አይስቤረን በርሊን ነበር። ይህ ክለብ በ2021 እና በ2022 ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ፣ በ2022/23 ከዐሥሩ ውስጥ እንኳ መግባት ተስኖት ከማጣሪያው ውጭ ቀርቶ ነበር። በ2024 ጸደይ በአሠልጣኝ ሰርጅ ኦበን መሪነት ብሬመርሃፈንን 4 ለ 1 በሆነ የፍጻሜ ውጤት አሸንፎ ዐሥረኛውን ዋንጫ ወሰደ። ድንገተኛ ትንሣኤ ብትሉት አትሳሳቱም። የበርሊኑ አዳራሽ ለበረዶ ሆኪ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ የትንሿ ወደብ ክለብ ከዋና ከተማው ባለጠጋ ጋር ተፋልሞ የተሸነፈበት ታሪክ እንደ ሆነ ጋዜጦቹ ጻፉ።

ታሪኩ ግን ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ ነው፤ እኔን የሳበኝም ውስብስብነቱ ነው። ብሬመርሃፈን ወደዚህ ሊግ እንዴት ገባ? ከሁለተኛው ሊግ በድል አድጎ አልነበረም። በ2016 ሃምቡርግ ፍሪዘርስ የተባለው ክለብ ባለቤት ለቀጣዩ ዘመን ፈቃድ እንደማይጠይቅ አስታወቀ። ደጋፊዎች ከአንጋፋው ተጫዋች ከክሪስቶፍ ሹበርት ጋር ሆነው ክለቡን ለማዳን ገንዘብ ለማሰባሰብ ተነሡ፤ አልሆነም። ክለቡ ተዘጋ፤ ባዶ በሆነው ወንበር ላይም ብሬመርሃፈን ተቀመጠ።

ወንበር ማለቴን ልብ በሉልኝ። ይኸው ወንበር ከሃምቡርግ በፊትም ሌሎች ተቀምጠውበታል። በ2002 ወደ ሃምቡርግ የመጣው ከሙኒክ ነው፤ ሙኒክ ባሮንስ የተባለው ቡድን እንዳለ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተዛወረ። ሙኒክ ባሮንስ ደግሞ በ1999 የተወለደው የላንድስሁት ክለብ የሊግ ፈቃዱን ለአሜሪካዊው ባለሀብት ለአንሹትስ ኩባንያ በሸጠ ጊዜ ነው። በተወለደ በዓመቱም፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ሻምፒዮን ሆነ። ላንድስሁት በ1970 እና በ1983 የጀርመን ሻምፒዮን የነበረ፣ በ1995ም ለፍጻሜ የደረሰ ክለብ ነበር፤ ከፈቃዱ ሽያጭ በኋላ ወደ ታችኞቹ ሊጎች ወርዶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እንግዲህ ሃምቡርግን የዘጋው ባለቤት ይኸው የአንሹትስ ኩባንያ ነው፤ ከ1999 ጀምሮ የአይስቤረን በርሊን ባለቤትም እርሱ ነው። በ2024ቱ ፍጻሜ በአንድ በኩል የኩባንያው ክለብ፣ በሌላው በኩል ኩባንያው ለቅቆት በሄደ ወንበር የተቀመጠ ክለብ ተፋጠጡ ማለት ነው። ይህን በስታዲየሙ ስንቱ ሰው እንዳሰበው አላውቅም።

እግር ኳስ የምትከታተሉ ተማሪዎች እዚህ ላይ ጥያቄ ይኖራችኋል። በጀርመን እግር ኳስ የአባላቱ ማኅበር በክለቡ ኩባንያ ውስጥ የድምፅ ብልጫ እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ አለ፤ «50 ሲደመር 1» ይሉታል። በበረዶ ሆኪ እንዲህ ያለ ደንብ የለም። ስለዚህ የሙኒክን ክለብ ሬድ ቡል በሙሉ ሊይዘው ችሏል፤ ክለቡም በ2016፣ በ2017፣ በ2018 እና በ2023 ዋንጫ ወስዷል። አንዱ አገር፣ አንዱ ሕግ፣ ሁለት ልዩ ልዩ ስፖርታዊ ሥርዓት።

ልዩነቱ የመነጨው በ1994 ነው።

ከ1958 ጀምሮ የጀርመን የበረዶ ሆኪ ከፍተኛ ሊግ «ቡንደስሊጋ» ይባል ነበር። ክለቦቹ የአባላት ማኅበራት ነበሩ፤ በሕግ ዐይን ከመዘምራን ማኅበር ወይም ከአትክልተኞች ማኅበር የተለየ አቋም አልነበራቸውም። የሚያወጡት ገንዘብ ግን የነጋዴ ነበር። አንዱ ክለብ ከአቅሙ በላይ ተጫዋች ሲገዛ ሌላው ላለመውረድ ሲል ይከተለዋል፤ ዕዳው ይከመራል፤ በየጊዜው አንዱ ይወድቃል። በ1994 ክለቦቹ የሰሜን አሜሪካን አሠራር አርአያ አድርገው አዲሱን ሊግ መሠረቱ። የተሳታፊነት ቅድመ ሁኔታው እያንዳንዱ ክለብ ባለሙያ ቡድኑን ከአባላቱ ማኅበር ለይቶ፣ በእኛ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከምንለው ጋር የሚመሳሰል ኩባንያ እንዲያቋቁምና ሒሳቡን በየዓመቱ እንዲያስመረምር ነበር። ሊጉ ራሱም ክለቦቹ ባለድርሻ የሆኑበት ኩባንያ ሆነ። የእኛ የፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር አደረጃጀት በአንዳንድ ነገሩ ይህንን ያስታውሳል፤ እርሱን ግን ለሌላ ቀን ልተወው። የአራዊትና የአዕዋፍ ስም የበዛውም በዚያ ዘመን ነው፤ ኮሎኝ ሻርክ፣ ማንሃይም ንስር፣ አውግስቡርግ ፓንተር ሆኑ።

በርሊንም የዋልታ ድብ ሆነ። ቀድሞ ስሙ ዲናሞ ነበር፤ የምሥራቅ ጀርመን የጸጥታና የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ክለብ። ከ1970 እስከ 1990 የምሥራቅ ጀርመን ከፍተኛ የሆኪ ሊግ ሁለት ክለቦች ብቻ ነበሩት፤ ዲናሞ በርሊንና ዲናሞ ቫይስቫሰር። ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለቱ ብቻ እየተገናኙ ዋንጫ ተቀባበሉ። የመንግሥት የስፖርት ፖሊሲ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ማዋል ፈልጎ ነበርና ነው። ስለ ዝግ ሊግ ማንም ምሁር ሲጽፍ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ሊያገኝ አይችልም።

ወደ 1994 ልመለስ። አዲሱ ሊግ በ18 ክለቦች ተጀመረ። የቀድሞው ቡንደስሊጋ የመጨረሻ ሻምፒዮን የሙኒኩ ሄዶስ ነበር፤ በአዲሱ ሊግ «ማድ ዶግስ» የሚል ስም ይዞ ገባ። በመጸው ጀመረ፤ በታኅሣሥ ገንዘቡ አልቆ ከውድድሩ ወጣ። የአገሪቱ ሻምፒዮን ዋንጫውን ባነሣ በዓመቱ እንኳ ሳይሆን በወራት ውስጥ ፈረሰ ማለት ነው። የመጀመሪያውን የዴኤኤል ዋንጫ በ1995 ኮሎኝ ላንድስሁትን አሸንፎ ወሰደ፤ የሊጉን አስተዳዳሪዎች ግን ከኮሎኝ ድል ይልቅ የሙኒክ ሞት አስተማራቸው። በእኔ አስተያየት የዴኤኤል ሕግጋት ሁሉ፣ ምክንያታቸው ሲመረመር፣ የዚያን የታኅሣሥ ወር ፍርሃት ይዘው ይገኛሉ።

ፍርሃቱ በሩን ወደ መዝጋት አመራ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማደግና መውረዱ አንዴ ሲኖር አንዴ ሲቀር ቆየ። በ2006 ካሰል ወረደ፣ ሽትራውቢንግ አደገ፤ ከዚያ በኋላ ለዐሥራ አምስት ዓመት ማንም በውጤት ምክንያት አልወረደም። ወንበር የሚለቀቀው ባለቤቱ ሲከስር ወይም ሲሸጥ ብቻ ሆነ። ካሰል በ2008 ተመልሶ ገብቶ ነበር፤ በ2010 ግን በገንዘብ ችግርና በረዥም የፍርድ ቤት ክርክር መካከል ከሊጉ ተወገደ። የካሰልን ስም ያዙልኝ።

ዝግ ሊግ ለባለቤቶች ሰላም ይሰጣል፤ ለሁለተኛው ሊግ ክለቦች ግን ጣሪያ ነው። ከብዙ ድርድር በኋላ ሁለቱ ሊጎች ተስማሙ። በ2021 አንድ ክለብ እንዲያድግ፣ ከ2022 ጀምሮም የሚወርድ እንዲኖር ሆነ። ሆኖም በሩ የተከፈተው ዘበኛ ቆሞበት ነው። የሁለተኛው ሊግ ሻምፒዮን የሚያድገው ውድድሩ ገና ሳያልቅ ማመልከቻ አስገብቶ፣ የገንዘብ ዋስትና አቅርቦ፣ የአዳራሹን ደረጃም አሟልቶ እንደ ሆነ ነው። የአዳራሽ ደረጃው በነጥብ ይለካል፤ የመቀመጫው ብዛት፣ የቪዲዮ ሰሌዳው፣ የክብር እንግዶች ክፍል፣ ሁሉም ነጥብ አለው፤ የሚፈለገውም 9,000 ነጥብ ነው። ሁለተኛ የወጣ ክለብ ሁሉን ቢያሟላም አይተካም፤ የሚያድገው ሻምፒዮኑ ብቻ ነው። ሻምፒዮኑ ያላመለከተ ከሆነም ማንም አያድግም። ማንም ካላደገ ደግሞ ከላይ የመጨረሻው ክለብ ባለበት ይቀራል።

አሁን የአዛውንቱን ሳሎን ልትረዱት ትችላላችሁ።

አውግስቡርግ በ1878 የተመሠረተ፣ በጀርመን ካሉት የበረዶ ስፖርት ክለቦች ሁሉ አንጋፋው ነው። ከ1994 ጀምሮ አንድም ዘመን ሳያቋርጥ በዴኤኤል ቆይቷል። በስተኋላው ታላቅ ኩባንያ የለም። በ2022/23 ከ15 ክለቦች 14ኛ ወጣ። በዚያ ዓመት ሊጉ ወደ 14 እንዲያንስ ታቅዶ ስለ ነበር፣ የመጨረሻው ክለብ ቢቲግሃይም እንደሚወርድ የታወቀ ሆነ፤ ከሁለተኛው ሊግ የሚያድግ ከተገኘ ግን አውግስቡርግም አብሮ ይወርዳል። በሁለተኛው ሊግ ፍጻሜ ካሰልና ራቨንስቡርግ ተገናኙ። ካሰል አመልክቷል፤ ራቨንስቡርግ አላመለከተም። ራቨንስቡርግ አሸነፈ። አውግስቡርግ ተረፈ።

ያ የተረፈ ክለብ ወደ 2023/24 የገባው ራሱን ለማሻሻል ቃል ገብቶ ነበር። በጥቅምት 28 ቀን 2023 ከእንግሊዝ የመጣ ዜና ከተማውን አሳዘነ። ባለፈው ዘመን የአውግስቡርግን ማልያ ለብሶ የተጫወተው አሜሪካዊው አዳም ጆንሰን፣ ወደ ኖቲንግሃም ከተዛወረ በኋላ በሼፊልድ በተደረገ ጨዋታ ላይ አንገቱን በተጋጣሚው የጫማ ስለት ተቆርጦ በ29 ዓመቱ ሞተ። ጎረቤቴ ስለዚህ ነገር የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከነገሩኝም በኋላ ስለ ነጥብና ስለ ደረጃ ሰንጠረዥ ማውራቱን ለዚያ ቀን ተውነው። በውጤት ሰንጠረዥ ላይ የማይጻፍ ክረምት ነበር። በመጋቢት ክለቡ ከ14ቱ የመጨረሻው ሆኖ ፈጸመ።

ደግሞም ካሰል ነበር። በሁለተኛው ሊግ መደበኛ ዙር ቀዳሚ፣ ፈቃድ አመልካች፣ ለፍጻሜ ተሰላፊ። በተቃራኒው የቆመው ሬገንስቡርግ ከሁለት ዓመት በፊት ገና ከሦስተኛው ሊግ ያደገ፣ ለዴኤኤል ያላመለከተ ክለብ ነበር። አውግስቡርግና ሬገንስቡርግ ሁለቱም የባየርን ከተሞች ናቸው፤ ያን የሚያዝያ ወር ግን የአውግስቡርግ ሰው ሬገንስቡርግን የወደደው በጉርብትና አይመስለኝም። ሬገንስቡርግ ዋንጫውን ወሰደ። አውግስቡርግ ለሁለተኛ ጊዜ ተረፈ።

አንድ ወጣት ተማሪዬ ይህን ታሪክ በክፍል ስነግራቸው «ታዲያ ይህ ፍትሕ ነው?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ለመመለስ ጊዜ ወስዶብኛል፤ በመጀመሪያ «አይደለም» ብዬ ነበር። ከ52 ጨዋታ በኋላ መጨረሻ የወጣ ክለብ ሌላው ወረቀት ስላላስገባ ቦታውን ሲይዝ፣ የመጫወት ትርጉም ምንድን ነው? የካሰል ደጋፊ ከዚህም በላይ ይናደዳል። ክለቡ በ2021፣ በ2023 እና በ2024 ሦስት ፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸነፈ። በ2021 ያሸነፈው ቢቲግሃይም ማደግ የሚችል ነበርና አደገ፤ በቀሩት ሁለቱ ግን ማደግ የሚችለው ክለብ ተሸንፎ፣ ማደግ የማይችለው ዋንጫ ይዞ ባለበት ቀረ። ካሰል አዳራሹን ያዘጋጀው፣ ዋስትናውን ያቀረበው፣ ባለሙያ የቀጠረው በከንቱ ነው።

ይሁንና የሬገንስቡርግን ሁኔታ ከውስጥ ሳየው ሐሳቤ ላላ። ከሦስተኛው ሊግ በቅርቡ ያደገ ክለብ፣ ገቢው የታወቀ፣ ተጫዋቾቹ በሁለተኛው ሊግ ደመወዝ የተቀጠሩ፣ በአንድ የድል ወር ምክንያት ወደ ላይ ተስቦ ቢወጣ ምን ይሆን ነበር? የሙኒኩ ማድ ዶግስ መልሱን በ1994 ሰጥቷል። የዚያ ክለብ አስተዳዳሪዎች ዋንጫውን ይዘው «አቅማችን ይህ ነው» ማለታቸው በንግድ ዓለም ዘወትር የማይታይ ጭምትነት ነው። ደንቡ ከኪሳራ ይጠብቃል፤ ይህን አልክድም። ኪሳራ ሲመጣ ደመወዝ የሚቀርባቸው፣ ክለባቸው የሚጠፋባቸው እነማን እንደ ሆኑ ላንድስሁትና ሃምቡርግ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነጥብ ነው። ደንቡ ሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎችን በአንድ ቋጠሮ አሥሮአቸዋል። «ይህ ክለብ ለማደግ ብቁ ነው ወይ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ያ ክለብ ለመቆየት ብቁ ነው ወይ?» የሚለው ሌላ ነው። የሬገንስቡርግ አለማመልከት ስለ አውግስቡርግ ብቃት የሚነግረን ምንም ነገር የለም። በሕግ ትምህርት የሦስተኛ ወገን ተግባር በአንድ ሰው መብት ላይ ውጤት ሲያስከትል ምክንያቱን አጥብቀን እንመረምራለን፤ እዚህ ግን ምክንያቱ የወንበሩ ቁጥር 14 መሆን አለበት ከሚል የሒሳብ ፍላጎት በቀር ሌላ አላገኘሁም። ካመለከቱት መካከል ከፍተኛ ውጤት ያለው ይደግ ቢባል ካሰል ሁለት ጊዜ ባደገ፣ አውግስቡርግም በወረደ ነበር። ይህን ሐሳብ ለጎረቤቴ ባቀረብሁላቸው ጊዜ ለረዥም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እርስዎ ትክክል ነዎት፤ ግን ይህን ነገር ለማንም አይንገሩ» አሉኝ። ዛሬ ነገርኋችሁ።

ደንቡ ዘወትር እንዲህ ጎዶሎ ሆኖ አይሠራም። በ2022 ክሬፌልድ ወርዶ ፍራንክፈርት አደገ፤ በ2025 ደግሞ ሁለቱም መጨረሻዎች ገጠሙ። በበርሊን አይስቤረን ኮሎኝን አሸንፎ ዐሥራ አንደኛውን ዋንጫ አነሣ። ከታች ደግሞ መጨረሻ የወጣው ዱሰልዶርፍ ነበር፤ ከ1967 እስከ 1996 ስምንት ጊዜ የጀርመን ሻምፒዮን የሆነ፣ ስሙ ሲጠራ አባቶች ለልጆቻቸው ታሪክ የሚነግሩለት ክለብ። የዱሰልዶርፍ ሰዎችም እንደ አውግስቡርግ ሰዎች የሁለተኛውን ሊግ ፍጻሜ ቁጭ ብለው ተመለከቱ። በዚያ ዓመት ያሸነፈው ድሬስደን ግን ፋይሉን አሟልቶ ነበር። ዱሰልዶርፍ ወረደ።

ያን ቀን ማታ ወደ ጎረቤቴ ስልክ ደወልሁ። ደስ ብሏቸው ይሆናል ብዬ ነበር፤ አውግስቡርግ በዚያ ዓመት በጨዋታ ነው የተረፈው። እርሳቸው ግን በወጣትነታቸው የዱሰልዶርፍ ቡድን ወደ አውግስቡርግ ሲመጣ ትኬት ለማግኘት በብርድ ቆመው ያደሩበትን ሌሊት ነበር የሚያስታውሱት። ስለ ወረቀቱ ምንም አላነሡም።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ በተለይ ከስፖርት ሳይንስ ክፍል የመጣችሁ በነጥብ አሰጣጡ ላይ ብትሞግቱኝ ደስ ይለኛል።